እናታችን ያልማለችበት መሬት

ይድረስ ለወንድሜ ለኢቢሳ፤ ካለህበት ከካናዳ፣

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሐረግወይንስ ደህና ናት? ልጅህ ሌንጮስ ብርዱን ለመደው? ወገብህን ያምህ የነበረውስ ተሻለህ ወይ? እኛ ሁላችንም አለን። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እምቢ ያላት ጉልበቷ ብቻ ነው። የእኔም ደም ግፊት እንደነበረው ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ ወጣ፤ በቆሎው ግን ደህና ነው ይላሉ። የቀረውን ፈዩማ፣ ደህና ነው ብለህ እለፈው።

ሁለት ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። አንደኛው፣ እዚያ ያሉት የአያታችን ዘመዶች የቤተሰቡን ታሪክ እያሰባሰቡ ስለሆነ፣ ስለ እሳቸው ስለ ያዕቆብ የማውቀውን እንግዳ ሰው እንዲገባው አድርጌ እንድጽፍልህ። ሁለተኛው፣ እማዬ የእሳቸው ልጅ መሆኗን ውልና ማስረጃ ቀርባ በቃለ መሐላ እንድታረጋግጥ። ከመጀመሪያው ልጀምር። የሁለተኛው መልስ እዚያው ውስጥ ስላለ ታገሠኝ።

አያታችን የተወለዱት በደቡብ ሩሲያ፣ ሜኖናይት የሚባሉ ጀርመንኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች በሰፈሩበት የስንዴ አገር ነው። እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ አይዙም፣ ሕፃን አያጠምቁም፣ አይምሉም። ከአብዮቱ በኋላ ረሃብ ገባ፤ ታናሽ እህታቸው በዚያ ረሃብ ሞተች። የተረፉት በመርከብ ካናዳ ገቡ። ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ የእምነታቸው ሰዎች ለእርዳታ ሥራ ወደ ናዝሬት ሲመጡ እሳቸውም አናጢ ሆነው መጡ። ከዚያ ጣሪያ እንዲሠሩ ወደ ነቀምቴ ላኳቸው። ጣሪያው አለቀ፣ እሳቸው አልተመለሱም። ሴት አያታችንን ቀለሟን አግብተው እዚሁ ጨለለቂ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ። እማዬ ስትወለድ መታሰቢያ አሏት፤ ለዚያች ለሞተችው እህታቸው ነው። አላስጠመቋትም። ጎረቤቱ «ፈረንጁ ልጁን እንደ ጥጃ ነው የሚያሳድጋት» ይል ነበር አሉ። አድጋ፣ ራሷ ጠይቃ ነው የተጠመቀችው።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች ሰደፋቸው የተሰበረ ጠመንጃዎች ይዘው መጡ። አያታችን አልጋም፣ ወንበርም፣ የሬሳ ሣጥንም እንደሚሠሩ፣ ሰደፍ ግን እንደማይሠሩ ነገሯቸው። «ያዕቆብ፣ እንጨት እኮ ነው!» አሏቸው። «እንጨቱንማ አውቀዋለሁ» ብለው መለሱ ይባላል። ታሰሩ። ሲፈቱ ሳል ይዘው ወጡ፤ ክረምቱን ሳይዘልቁ ሞቱ። ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ ስለነበር ከሥራ ቤታቸው ጀርባ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀበሩ። አንተ አልተወለድክም። እኔ እማዬ ጀርባ ላይ ነበርኩ አሉ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ከተማው ይዞታ እየለካ ነው፤ ለኪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ጎረቤት ከጎረቤት በወሰን መስማማት አለበት። በእኛና በኦቦ ባቻ ግቢ መካከል የነበረው የቅንጭብ አጥር ከተነቀለ ስንት ዘመኑ። ኦቦ ባቻ ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው ቤቱን ገላና ለሚባል የብሎኬት ነጋዴ ሸጡለት። ገላና ጽዱ ያለበት መሬት የእኔ ነው አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው ኦቦ ጆቴ ነበሩ።

ከወረቀቱ ወሰኑን የሚለይ ነገር ሲያጡ እንደ ደንባቸው ወደ መሐላ ሄዱ። አጥሩ ሲተከል የነበረ ሰው ወሰኑ ላይ ቆሞ ከማለ ነገሩ ያልቃል፤ በሐሰት የማለ ዘሩ አይባረክም ስለሚባል በዋዛ የሚምል የለም። ገላናም «አዴ መታሰቢያ ይማሉ። ከማሉ እኔ አንድ ቃል አልናገርም፤ አጥሩንም በራሴ ብሎኬት አሠራላቸዋለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

እማዬ በምርኩዟ ተነሥታ ወሰኑ ላይ ቆመች። «አጥሩ እዚህ ነበር። አባቴ ሲተክለው ቅንጭቡን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለች። ኦቦ ጆቴ «መልካም፤ እንግዲህ ይማሉ» አሏት። «ተናገርኩ እኮ» አለች። «መናገሩንማ ተናገሩ፤ ይማሉ ነው የምንልዎት» አሏት። «ስምል ነው እውነት የሚሆነው? አሁን የተናገርኩት ታዲያ ምን ነበር?» አለች። አንዱ ሽማግሌ «እንዲህ ያለች ሴት እኔ ቤት ብትኖር ገበያ እንደወጣሁ በቀረሁ» አለና ሰው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። ግን አልማለችም።

እኔ ልማል አልኩ፤ አልተወለድሽም ነበር አሉኝ። ከአያታችን ሥር እንጨት ይሠራ የነበረው ቂርቆስ አጥሩ ሲተከል ነበረ፤ አሁን ግን የሚኖረው አንገር ጉቲን ከተማ ነው፤ መንገዱ በዚያ ሰሞን ዝግ ነበር። ደወልኩለት። «ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊኝ፣ እምላለሁ! ለያዕቆብ ያልማልኩ ለማን ልምል ነው?» አለ። ኦቦ ጆቴ «በስልክ አይማልም፤ መሬቱን መርገጥ አለበት» አሉ። ፍርድ ቤት ብንሄድም እዚያም አስምሎ ነው የሚጠይቀው። ከዚያ የሚምል ምስክር ከጠፋ ባለጉዳዩ ይማል ብለው ገላናን ማል አሉት። ማለ። ውሃ ጠጥቶ ብርጭቆውን እንደማስቀመጥ ነበር። ምናልባትም እውነት መስሎታል፤ ሲሸጡለት እንዲያ ብለው ነግረውት ይሆናል።

በስልክ ስነግርህ የጮኽከውን እማዬ ሰምታዋለች። «አንድ ቃል! ለአባቷ አጥንት አንድ ቃል!» አልክ። እኔም ቤት እንደገባን ያንኑ ብያታለሁ። «እሱስ ሰደፉን ቢሠራላቸው ኖሮ መቼ እዚያ ይቀበር ነበር?» አለችኝ።

ዐፅሙን ያነሣነው በታኅሣሥ ነው። ገላና ጊዜ ሰጠን፤ በዚያ አልከፋም። ሣጥኑን ከዋንዛ የሠሩት አያታችን ራሳቸው ነበሩ፣ ከእስር እንደወጡ። ክዳኑን ምስጥ በልቶታል፤ ማዕዘኑ ግን እንደተጋጠመ ነው፣ ሚስማር የለበትም። ቆፋሪዎቹ ሊገዙት እንደመጡ ሁሉ መጋጠሚያውን በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩ። አጥንቱ ጥቂት ነው። በአዲስ ሣጥን አድርገን ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ወሰድነው። ገላናም መጥቶ ተሸከመ። እማዬ እጁን ጨብጣ አመሰገነችው። አለቀስኩ ብዬ አልዋሽህም፤ አላለቀስኩም። ተመልሰን ምሳ በላን። ጽዱ በማግስቱ ተቆረጠ። አሁን እዚያ ግንብ አለ፤ ወጥ ቤታችን ስለጨለመ በቀን መብራት እናበራለን።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ለእማዬ አነበብኩላት። ቃለ መሐላ የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሣች። «የያዕቆብ ልጅ ነኝ በይው» አለች። እሱማ ያውቃል፣ ማረጋገጫ የፈለጉት እነሱ ናቸው አልኳት። «ለእነሱም የያዕቆብ ልጅ ናት በያቸው» ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ስለዚህ ውልና ማስረጃ አልወስዳትም። ይህን ደብዳቤ ተርጉመህ አንብብላቸው። ያልማለችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም በልና ፊታቸውን እይ። የእሳቸው ወገኖች ከሆኑ ሌላ ማስረጃ አይጠይቁህም። ከጠየቁህ ግን ዘመዶቻችን እነሱ አይደሉም፤ ሌሎች ፈልግ።

ሐረግወይንን ሰላም በላት፤ የላከችው መድኃኒት ደርሷል። ሌንጮን ሳምልኝ። ባለ ሱቁ ረዲ ሰላም ብሎሃል፤ ወፍሯል ወይስ እንደዚያው ነው ይላል። ቂርቆስም መንገዱ ሲከፈት መጥቶ አዲሱን መቃብር ሊያይ ነው፤ ለአንተም ሰላምታ አለው። እማዬ ደግሞ ጮኸብኝ ብሎ እንዳያዝን በይው፣ ወገቡንም በሙቅ ውሃ ይያዘው ብላሃለች።

እህትህ ሜቲ
ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.