እኔ ያልነበርኩበት ዕርቅ

መጋቢት 25፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

የመሠዊያው ጨርቅ ሦስቱም ተተኮሰ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ሲጠፋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ ሲመጣ ካውያው ላይ መሮጥ። አሁን ሱቅ ልከፍት ነው። የት/ቤት ዩኒፎርም ለቅዳሜ ይፈለጋል፣ ኮሌታው ገና አልተሰፋም።

ደብተሬ፣ ዛሬ ደኅና ነኝ። ይኸም ይመዝገብልኝ። ልጄ ተሬዛ አንቺን ስትገዛልኝ “ንዴትሽን እዚህ ላይ አውጪው እማ፣ እኔ ላይ ሳይሆን” ብላ ነው። ስለዚህ የምታውቂው ንዴቴን ብቻ ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ሁለት ሳምንት ቀረው። ሳፋውን አወጣሁ። ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ፈተግኩ። የቁምስናችንን የአልባሳት ክፍል ቁልፍ ከያዝኩ አሥራ ሦስት ዓመቴ። በየዓመቱ አሥራ ሁለት ወንበር እደረድራለሁ፣ አሥራ ሁለት ወንዶች ይቀመጣሉ፣ ካህኑ ተንበርክኮ እግራቸውን ያጥባል። ጌታ ለሐዋርያቱ እንዳደረገው። ዘንድሮ የሚያጥቡት አዲሱ ቆሞሳችን አባ ዮሴፍ ናቸው። ወጣት ናቸው። ስብከታቸው አጭር። ወደድኳቸው።

መጋቢት 28፣ እሑድ፣ 7፡00

ወደድኳቸው ያልኩትን ሰርዢው።

ከቅዳሴ በኋላ የአሥራ ሁለቱ ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ወንበር ላይ የስም ወረቀት የምለጥፈው እኔ ስለሆንኩ ልገለብጥ ቆምኩ። ዘጠነኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ደምሴ።

እስከ ዛሬ ስሙን አልነገርኩሽም። መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። የተሬዛ የክርስትና አባት ነው፤ አበልጄ። የባሌ የጳውሎስ ጓደኛ፤ ወንጂ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ መዘምራን ውስጥ የዘመሩ። ከአራት ዓመት በፊት ጠጥቶ የአሸዋ መኪና ሲነዳ፣ ጳውሎስን የወንጂ መንገድ ዳር ገጨው። ጳውሎስ በብስክሌት ወደ ሥራ እየሄደ ነበር። ስኳር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ በፈረቃ። ሞተ። ደምሴ ታሰረ። ለገና ተፈታ። አሁን ቤ/ክ ይመጣል፣ በር አጠገብ ይቀመጣል፣ ቁርባን ሳይደርስ ይወጣል። እኔም እንዳላየሁት እሆናለሁ።

የቁምስናው ም/ቤት ሊቀ መንበር አቶ ሳሙኤል ከኋላዬ መጣ። ፈገግ ብሎ። አባ ራሳቸው ያስረዱሻል አለ። ም/ቤቱ በሰፊው ተወያይቶበታል፣ ሁሉም እጅ አውጥቷል።

ሁሉም! ዘጠኝ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሻይ እየጠጣ፣ በባሌ ሞት ላይ እጅ አወጣ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ፣ 5፡30

ከአባ ጋር ተነጋገርኩ። ከቢሮአቸው አሁን መውጣቴ ነው።

ሐሳባቸው ይኸ ነው። ደምሴ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ይሆናል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ዕቃ አዘጋጅቼ ጓዳ አልገባም፤ ፎጣውን ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ። እሳቸው ያጥቡታል፣ እኔ አደርቅለታለሁ። ሕዝቡ ያያል። የዕርቅን ትርጉም ከስንት ስብከት ይልቅ በዓይኑ ይማራል።

መቼ አሰቡት አልኳቸው። በጾሙ መጀመሪያ። ለማን ነገሩ? ለም/ቤቱ። ለደምሴ። ለባሌ ወንድም ለታደሰም ደውለዋል፣ በጣም ደስ ብሎታል። እኔስ? ይኸው አሁን እየነገርኩዎ ነው አሉ።

ከዚያ የጠበቅኩት መጣ። “ጌታ የይሁዳንም እግር አጥቧል፣ ወይዘሮ ማርታ።”

“አዎ” አልኩ። “ያጠበው ግን የተሸጠው ራሱ ነው፣ አባ። እሱን ወክሎ እጅ ያወጣለት የለም።”

ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ቁልፉን ከቀለበቱ ፈልቅቄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። አሥራ ሦስት ዓመት። ጥፍሬን ሰበረኝ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ታደሰ ከወንጂ መጣ። አባ ልከውት ነው። ገና ከባጃጁ ሳይወርድ ፊቱ ላይ ምክር ይነበባል።

ምሳ አቀረብኩለት። በላ። እጁን ታጠበና ጀመረ። ነገሩ እኮ ድሮ አልቋል ማርታ፣ ዕርቅ ወርዷል፣ የወረደ ዕርቅ አይነሳም።

እኔ የማውቀውን ዕርቅ ልንገርሽ። የጳውሎስ አርባ በወጣ በሳምንቱ ነው። እኔ ጓዳ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝቻለሁ፣ ሴቶች ከበውኛል። ከጓሮ በግ ሲጮህ ሰማሁ። ምንድነው አልኩ። ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንቺ ተኚ አሉኝ። ታደሰ ከደምሴ ታላቅ ወንድም ጋር ተቃቅፎ ተላቀሰ። ተመረቀ። ተበላ። ለእኔም በሳህን ተላከልኝ። የምን ሥጋ እንደሆነ ያወቅኩት ከጎረስኩ በኋላ ነው።

ዛሬ ይኸን አነሳሁበት። ያኔ አንቺ በምን አቅምሽ ትነጋገሪያለሽ፣ አዘንንልሽ እኮ ነው አለ። ሐዘንተኛ አይጠየቅም። ሴት ደግሞ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። ወጉ ነው።

ወግ ነው! ወጉ እኔን ካላወቀኝ፣ እኔም አላውቀውም አልኩት። ተቆጣ። ሰዓቱን አየ። ሄደ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ከሁሉም የባሰውን ዛሬ ሰማሁ።

ተሬዛ ከደምሴ ጋር ትገናኛለች። እስር ቤት ሳለም ሁለቴ ሄዳ ጠይቃዋለች። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ፣ ለእኔ ፈተና አለኝ እያለች። ራሷ ነገረችኝ፣ ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ለምን? የክርስትና አባቴ ነው አለች። ስጠመቅ የተቀበለኝ እሱ ነው፤ ያንን መሻር አልችልም እማ።

ያልኩትን አልጽፍም። እናት ለልጇ የምትለው አይደለም። ብርጭቆ ተሰብሯል።

በኋላ ከበሩ ውጭ ቆማ የተናገረችው ግን እስካሁን ይሰማኛል። “ስለ አባዬ የሚያወራኝ እሱ ብቻ ነው። አንቺ ስሙ ሲነሳ ትወጫለሽ።”

እውነቷን ይሆን? እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ተሬዛ ከመዘምራን ጋ፣ አልተያየንም። ሕፃናቱ የዘንባባ ቀለበት በየጣታቸው አድርገው ይሯሯጣሉ፣ ነፋሱ አቧራውን ይዞ በመስኮት ይገባል። የመሠዊያው ጨርቅ አልተተኮሰም። ግራው ረዝሟል፣ ቀኙ አጥሯል። ቅዳሴውን ሙሉ እሱን ሳይ ዋልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ፣ 10፡15

ሱቅ ነኝ። በሩን ከውስጥ ዘግቻለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ እሰፋለሁ፤ ብርሃኑ ተከለለ። ቀና ስል ደምሴ። ከስቷል። ፂሙ ሸብቷል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

“አበልጄ” አለ።

“እንዲህ ብለህ አትጥራኝ።”

“እሺ። ስሜን አስወጥቻለሁ ልልሽ ነው የመጣሁት። ነገ አልቀመጥም። አንቺን እንዳላስቸግር።”

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደሜ ፈላ እንጂ። “እሱንም ሳትጠይቀኝ ወሰንክ?” አልኩት። ከተፈታህ ሦስት ወር ሙሉ ለምን አልመጣህም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጨርሰውታል አሉኝ አለ። ከማን ጋር? ከታደሰ ጋር። ጳውሎስ የታደሰ ባል ነው ወይ?

“ፈራሁሽ” አለ። “እነሱን አልፈራሁም። አንቺን ፈራሁ።”

በአራት ዓመት ውስጥ ሰው የነገረኝ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ነገር ይኸ ነው። ለዚህ ይሆናል የጠየቅኩት። ማንንም ጠይቄ የማላውቀውን።

“ወዲያው ነው የሞተው?”

ኮፍያውን አጣጠፈው።

“ታደሰ ወዲያው ነው ያለኝ። ምንም አላወቀም አለኝ።”

“አይደለም” አለ። የበሩን ቋሚ ያዘ። “ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቷል። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌው ነበር። ሰዓት ስንት ነው አለኝ። ዘጠኝ ሊሆን ነው አልኩት። ተረኛ ነኝ፣ ረፈደብኝ አለ። ከዚያ አልተናገረም።”

ይኸን ለማን ነግረሃል አልኩት፤ ያኔውኑ ለታደሰም ለሽማግሌዎቹም አለ። ውጣ አልኩት። ወጣ። ሲሄድ አላየሁትም።

ከዚያ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳወጣሁ አላውቅም። ከጎን ያለችው ክር ሻጯ ጫልቱ “ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ማርታ?” እያለች ሮጣ መጣች። ውኃ ሰጠችኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ ደንበኞቼን መለሰችልኝ።

ረፈደብኝ! ጳውሎስ ነው፣ ራሱ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን ከፈረቃ ዘግይቶ አያውቅም። አየሽ? ያቺ ሩብ ሰዓት የእኔ ነበረች። ታደሰ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ለቅሶ የመጡት ሁሉ ያውቋታል። ለእኔ አዝነው ደበቋት። አራት ዓመት ሙሉ ባሌ ምንም ሳይል ሞተ ብዬ ኖርኩ።

ገዳዩ ነው የነገረኝ። ሌላው ሁሉ አጽናናኝ።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት፣ ከጠዋቱ 1፡30

ፍኖተ መስቀል ከመጀመሩ በፊት ትናንትን ልጻፍ።

ላለመሄድ ወስኜ ነበር። ጉልባኑን ቀቅዬ ለጎረቤት አደረስኩ፣ ቁጭ አልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላዬን ለብሼ ቤ/ክ በር ላይ ራሴን አገኘሁት።

ወንጌሉ ተነበበ። አሥራ ሁለቱ ተጠሩ፣ ዘጠነኛው ወንበር ባዶ ቀረ። አቶ ሳሙኤል ግራ ቀኝ ያያል፣ የሚተካ ወንድ ፍለጋ። በእጁ አንዱን ጠቀሰ፤ ሰውዬው ካልሲዬ የተቀደደ ነው ብሎ እምቢ አለ።

ተነሣሁ። አልመከርኩበትም ደብተሬ፣ እግሬ ነው የተነሣው። በመሀል መተላለፊያው ሄጄ ተቀመጥኩ። ጫማዬን አወለቅኩ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። አቶ ሳሙኤል ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ ሌላ አገር ሴት ትቀመጥ ይሆናል፣ በእኛ ቁምስና ግን ተደርጎ አያውቅም፣ በእግዚአብሔር ተነሺ አለኝ። “ወንበሩን የደረደርኩት አሥራ ሦስት ዓመት ነው” አልኩት። “የምቀመጠው አንድ ቀን ነው።” ድምፄን አልቀነስኩም።

አባ ዮሴፍ ከስምንተኛው እግር ቀና አሉ። አዩኝ። ወደ እኔ ዞሩ፣ ተንበረከኩ። ውኃው ፈሰሰ። ከዚያ በአጠገቤ ያሉት ብቻ በሚሰሙት ድምፅ፦

“ይቅር ይበሉኝ፣ ወይዘሮ ማርታ።”

“ስለ ምኑ?”

አላመነቱም። “ስላልጠየቅኩዎ።”

እንባዬ መጣ፤ ከንዴት የመጣ ነው፣ ሌላ እንዳታስቢ። ግን አባን ይቅር አልኳቸው። እሳቸውን፣ ስለዚያች ነገር ብቻ። ቀላል ነበር፤ የበደለኝ ራሱ ለራሴ ስለጠየቀኝ ነው። ለካ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ተሬዛ ከመዘምራኑ መሀል መዝሙሩን ትታ ትንሰቀሰቃለች። ወደ ቤት አብረን ሄድን፣ ክንዴን ይዛ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ፣ 3፡00

ተሬዛን ጠርቼ ሩብ ሰዓቱን ነገርኳት። ታውቅ ነበር። አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር አለች። ስለ አባቷ እስከ እኩለ ቀን እናወራለን ተባብለናል፣ ከዚያ ዶሮው።

አስቀድሜ ታደሰ ጋ ደወልኩ። ማክሰኞ እኔ ቤት፣ ያኔ የነበሩትን ሽማግሌዎች ይዘህ ና አልኩት። ደምሴም ይመጣል። ለእኔ የነገረኝን በሁላችሁ ፊት ይናገራል። ከዚያ እናንተ ዝም ትላላችሁ፣ እኔ እናገራለሁ። ጓዳ አልገባም፤ ሳሎን ነው የምቀመጠው።

ጮኸ። ዕርቁን ልታፈርሺ ነው?

“የእኔ ገና አልተሠራም እኮ ታደሰ። ምኑ ይፈርሳል?”

ስልኩን ዘጋብኝ። ይመጣል፤ አውቀዋለሁ።

ተሬዛ ይቅር ልትይው ነው ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። ልጮህበትም እችላለሁ። ልተፋበት እችላለሁ። አርፎ ይስማኝ መጀመሪያ።

የደምሴን ቁጥር ከእሷ ስልክ ወሰድኩ። ሁለቴ ጠራ። አነሣ።

“ማርታ ነኝ” አልኩት። “ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት። ሰው እንዳትልክ። ራስህ ና።”