ቀይዋ መብራት የተሸፈነችበት ካሜራ

ይድረስ ለጌቾ፤

ሰላምታ ሲረዝም ስለማትወድ አላስረዝመውም። ደህና ነን። ከተለየኸን የፊታችን እሑድ ስምንት ወር ይሞላል። የምጽፍልህ የመጨረሻ ሥራህን፣ የአንኮበሩን ሠርግ ቪዲዮ፣ ጨርሼ ስላስረከብኩ ነው። ደክሞኛል። ላንተ ሳልነግር ግን ሥራው ያለቀ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ፎቶ ቤቱን ለቀናል፤ አሁን ጸጉር ቤት ሆኗል። የተከራየው ሰውዬ ታፔላህን አላወረደውም፣ ስልክ ቁጥርህም እንዳለ ነው። ስለዚህ ሰው አሁንም ይደውላል፤ ከእነዋሪ፣ ከአረርቲ። ስልክህን የምይዘው እኔ ነኝ። ክርስትና አለን፣ ሠርግ አለን ይሉኛል፤ የለም እላቸዋለሁ። መቼ ይመለሳል የሚሉኝም አሉ። ልጅህ ማህሌት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ አንተን ሊደርስ ነው። ትምህርት ቤት የምትሄደው ጃኬትህን ለብሳ ነው፤ ደብረ ብርሃን በኅዳር እንዴት እንደምትሆን ታውቃለህ።

የካሜራ ቦርሳህን ግን ማናችንም አልነካነውም ነበር። ቁም ሳጥኑ ላይ እንዳስቀመጥከው ቆየ። አቧራ ስጠርግ ዙሪያውን ጠርጌ አልፈው ነበር።

በጥቅምት ሰላማዊት መጣች፤ በጥር አንኮበር ሠርጓን የቀረጽክላት ሙሽራ። ለቅሶህ ላይም መጥታ ነበር፤ ያኔ ስለ ቪዲዮው ትንፍሽ አላለችም። አሁን እሷም ጥቁር ለብሳለች። አባቷ ጋሽ ደምሴ በመስከረም አርፈዋል፤ አርባቸውን አውጥታ ነው የመጣችው። ቡናዋን ጠጥታ ጨረሰች። በመጨረሻ፣ ቪዲዮው ካልጠፋ እንደሆነ ብላ ጀመረች። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ጉልበቱን ስሜ የመረቀኝን ብቻ ካገኘሽልኝ ይበቃኛል አለች። የአባቷ ድምፅ ያለበት ሌላ ነገር የላትም። አገኝልሻለሁ አልኳት። ሳላይ እንዲያ ማለት አልነበረብኝም።

ካሜራህን ከኮምፒውተሩ ጋር ስታገናኝ ስንት ዓመት ሳይህ ኖሬ፣ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ካርድ ሪደሩ ተሰብሯል፣ ስለዚህ ያለው መንገድ በገመድ ነው። ገመዱ ደግሞ ከሥሩ ካልተደገፈ ይላቀቃል። የክብሪት ቀፎ ለምን ታደርግበት እንደነበር አሁን ገባኝ። በመጀመሪያው ቀን ባትሪው መሃል ላይ አለቀ። በማግስቱ ቻርጀሩን ሰክቼ ጀመርኩ፣ መብራት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ አርባ ደቂቃ ቀረ አለኝ፣ ቆየና ሁለት ሰዓት አለኝ፣ ከዚያ ስድስት ደቂቃ። ያቺ አረንጓዴ መስመር ስትንፏቀቅ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። አንድ ነገር ብቻ አልረሳሁም። ኮፒ እንጂ ከት አይደረግም፤ ባለጉዳዩ አይቶ ተመስገን ሳይል ካርድ አይጠፋም። ለማህሌት ስትነግራት ሰምቼ ነው። መብራት ሲሄድ ያዳነኝ እሱ ነው።

ሁሉም ከገባ በኋላ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። ሚዜዎቹ አሉ። ዳሱ አለ። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ሲወጣ አለ፤ እሱን ሳታነሳ መቼም ከአንኮበር አትመለስም። ከዚያ ሽኝቱ ደረሰ። ጋሽ ደምሴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሽራይቱ ልትንበረከክ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፤ ተቋረጠ። የሚቀጥለው ፋይል ሣርና ጫማ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቄጠማ፣ ያንተ ቡናማ ጫማ፣ የሌላ ሰው ጫማ።

የሆነው ነገር ወዲያው ገባኝ። ካሜራው ሲቀርጽ የምትበራውን ያቺን ቀይ መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፍነሃታል። ሽማግሌዎች መብራቷን ካዩ ይደርቃሉ፣ ምርቃቱን እንደ ዜና ያነቡታል ትል ነበር። ስክሪኑም ከደበዘዘ ቆይቷል። ወደ ሙሽራይቱ ስትጠጋ ቁልፉን ሳታውቅ ነክተሃል፣ ካሜራው ቆመ። ምርቃቱ አልቆ አቆምኩት ስትል መቅረጽ ጀመረ። ሃያ ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብህ አያውቅም። እጅህ ያኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቻለሁ፤ ብርድ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ፋይሉን ልዘጋው ስል ድምፅህ መጣ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ዳሱ ጥግ ወስደውሃል። ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስክ አይተዋል። ካሜራ አንሺ ጦሙን ከወጣ ይሄ ሠርግ ነው ወይስ ለቅሶ ይሉሃል። የጎረስኩት አይወርድልኝም ጋሼ ትላቸዋለህ። እሳቸውም፣ ልጄ አንተ ታመሃል ይላሉ። አንተም፣ ጌቾ፣ እንደ ቀላል ነገር ትነግራቸዋለህ። ጎንህን ከመስቀል ጀምሮ እንደሚያምህ፣ ሐኪሙ አዲስ አበባ ሂድ እንዳለህ፣ የሠርጉ ወር ይለፍ ብለህ እንዳቆየኸው። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ትደነግጣለች ትላለህ። እሳቸው ሳቅ ይሉና፣ ማወቋ መቼ ይቀራል ልጄ፣ አንተ የምትመርጥላት ቀኑን ብቻ ነው ይሉሃል።

ቀኑ ይኸው ኅዳር ሆነ።

ኮምፒውተሩን ዘግቼ ልብስ አጠብኩ፣ ያልቆሸሸውንም ጭምር። ከመስቀል እስከ ጥር አራት ወር ነው፤ አራቱንም ወር አጠገቤ ነበርክ። አንድ ቀን ላየሃቸው ሰው የነገርከውን ለእኔ መንገር አቃተህ። ከዚያ ደከመኝ። መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

በማግስቱ ቀሪውን ሰማሁት። ይመርቁሃል። እግዜር ይማርህ፣ ዓይንህ አይፍዘዝ፣ እጅህ አይዛል፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ ይላሉ። በእያንዳንዱ አሜን ትላለህ፣ ቀስ ብለህ።

ምርቃቱን ብቻ አስቆርጬ ለሰላማዊት ልሰጣት አሰብኩ። የደበቅከኝን ነገር ሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለግኩም። ግን ልጄ አንተ ታመሃል ሲሉህ ያለው ድምፃቸው ሊቀርባት ነው። እሱን የመሰለ ድምፅ ከልጅ አይደበቅም። ተውኩት።

ቅዳሜ መጣች። መጀመሪያ፣ ያንቺ ምርቃት አልተቀረጸም አልኳት፣ ባንተ ፈንታ ይቅርታ ጠይቄ። ፊቷ ጥቁር አለ። ከዚያ ያንን ከፈትኩላት። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሣርና ጫማ አየን። የአባቷን ጫማ ወዲያው ለየችው፤ ለሠርጉ እኔ ነኝ የገዛሁለት፣ ጠበበኝ ሲል ነው የዋለው አለችና ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ምርቃቱ ላይ አንተ አሜን ስትል እሷም አሜን አለች፣ እኔም አልኩ። በኋላ እጄን ይዛ፣ ይህን የሰማሽው አሁን ነው እንዴ እታለም አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

በሁለት ፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት። ስለ ካርዱ ሕግህ ነግሬያት ስለነበር በሩ ላይ ቆማ፣ እኔ አይቻለሁ፣ ተመስገን፣ ካርዱን ማጥፋት ትችያለሽ አለችኝ።

አላጠፋሁትም። ካርዱን ካሜራው ውስጥ መልሼ ቦርሳውን ቦታው አስቀምጫለሁ። ፕላስተሩን ከመብራቷ ላይ ልጬዋለሁ፤ ማህሌት ለጥምቀት በሌላ ካርድ ልቅረጽ ብላለች፣ መቅረጹን እያየች ትቅረጽ። እኔ በየወሩ አንድ ቀን ገመዱን በክብሪት ቀፎ ደግፌ ያንን አሥራ አንድ ደቂቃ እከፍተዋለሁ። አሜን ስትል የነበረውን ድምፅህን አልረሳም። ያልነገርከኝንም አልረሳም። ያ ፋይል ሁለት ባለጉዳይ አለው፤ አንዷ ገና ተመስገን አላለችም።

ዓለምነሽ
ደብረ ብርሃን