በባዶ ወረቀት ላይ የፈረምኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፬

ጊዮርጊስ ደጅ ላይ «እትዬ ሙሉነሽ ጥልፍ ሠሪዋን ዘነቡን አባረሯት» እየተባለ ነው። ሐሰት ነው። ከልብስ ስፌት ቤቴ እኔ ሳላውቅ የተባረረ ሰው የለም። ይህንኑ ላረጋግጥ ጠዋት ፎቁን እያረፍኩ ወጣሁ።

የዘነቡ የስፌት መኪና ተሸፍኗል። ተቆጣጣሪው ግርማ የስንብት ደብዳቤዋን ግልባጭ አሳየኝ። ፊርማው የእኔ ነው። ጉልበቴ ደረጃውን እንቢ ካለኝ ወዲህ፣ ለማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲሆነው ባዶ ወረቀት እየፈረምኩ እሰጠው ነበር። ስንብት ይጻፍበታል ብዬ አላሰብኩም።

«ሦስት ጊዜ ያረፈደ ይሰናበታል ብለው ግድግዳው ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«ሦስተኛው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሐሙስ። አንድ ሰዓት ሙሉ።»

«ምን አቆየሽ ብለህ ጠየቅካት?»

«ጠይቅ የሚል እዚያ ላይ አልጻፉም።»

ተቀመጥኩ። ሐሙስ ጠዋት የግፊት መድኃኒቴን ከቴዎድሮስ አደባባይ እንድታመጣልኝ ዘነቡን የላክኋት እኔ ነኝ። ለግርማ መንገር ረሳሁ። እሷ ግን «እትዬ ልከውኝ ነው» ለማለት ምን ከለከላት? ፊርማዬን ስታይ እያወቅኩ ያባረርኳት መስሏት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምን ትበል?

ሰው ያወራው እውነት ሆነ። ግርማን ልቆጣው አልቻልኩም፤ ያደረገው የጻፍኩትን ነው።

ነገ መጀመሪያ ዶሮ ማነቂያ፣ ዘነቡ ቤት እሄዳለሁ፤ ሰው አልልክም። ቀጥዬ የተረፉትን ባዶ ወረቀቶች ከግርማ ተቀብዬ እቀዳድዳቸዋለሁ። ከዚያ የግድግዳውን ጽሑፍ አወርዳለሁ። የዘነቡን መኪና ግን እኔ አልገልጠውም። ከመጣች እሷው ትግለጠው።