ሳይቀመጡ የለመኑልኝ

ውድ አባባ፣

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ከሁሉ አስቀድሜ እሱን የምጠይቀው፣ ጉልበትዎ ካረፈ ቤቱ ሁሉ ደህና እንደሚውል ስለማውቅ ነው። እማዬስ እንዴት ናት? መነጽር አሠራች ወይስ አሁንም የእርስዎን እየተዋሰች ነው የምታነበው? ታናሽ እህቴስ? አያቴስ አሁንም ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ከዜና አንባቢው ጋር ትከራከራለች? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እህሉም ይበላልኛል፣ እንቅልፉም ይወስደኛል። ደህና ያልሆነው ፊቴ ነው፤ ሰው ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል።

ሥራዬ ያው የውሃ ላቦራቶሪው ነው። ከየሰፈሩ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ በጠርሙስ ይመጣልኛል፤ እመረምረዋለሁ፣ ከዚያ ጠርሙሱን አጥቤ እደረድራለሁ። አለቃዬ መኖሬን የሚያስታውሰው ጠርሙስ ሲሰበር ብቻ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር እንደማስብ ባለፈው ጽፌልዎት ነበር። ያልነገርኩዎት ነገር ቢኖር፣ ለዚህ ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አስቀድሞ አማካሪ የሚሆን መምህር ይፈለጋል፣ የጻፈው ይነበባል፣ ከዚያ አጠር ያለ ኢሜይል ይላክለታል። እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፣ ይህን ይህን ሠርቻለሁ፣ ጥናትዎን አንብቤ እዚህ ላይ ጥያቄ ፈጠረብኝ፣ ለሚመጣው ዓመት አዲስ ተማሪ ይቀበላሉ ወይ? ይባላል። ይህን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። እሷ እንደዚያ ጽፋ አንዱ መልሶላት ልትሄድ ነው።

የእኔ መምህር አሮጌ ቧንቧ ውሃውን ምን እንደሚያደርገው የሚያጠና ነው። ገና ጎልማሳ ነው፤ ጽሑፎቹን ግን አንብቤ አልጠግባቸውም። በየቀኑ በጠርሙስ ሥር የማየውን ዝቃጭ ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው። ታዲያ ኢሜይሉን ልጽፍ ስቀመጥ "እኔ" ከምትለው ቃል አላልፍም። ትጉህ ነኝ ልበል? ጎበዝ ነኝ ልበል? በእኛ ቤት ራሱን ያመሰገነ ልጅ አያቴ አንዴ አየት ካደረገችው ይበቃው ነበር። ሰው ሲጣላም፣ ሥራ ሲፈልግም፣ ትዳር ሲያስብም በሩን የሚያንኳኩለት እርስዎ ነበሩ እንጂ ባለጉዳዩ ራሱ አልነበረም። እሱ ሩቅ ቆሞ ይጠብቃል። እርስዎ ቁጭ ይበሉ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ይቆማሉ። ጉልበትዎ ያለቀው በሰው ሳሎን ቆሞ ቆሞ ነው ትል የለ እማዬ? እኔም ከዚህ ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር።

ክፍሌን ያከራዩኝ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከሱቃቸው በላይ ነኝ፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የስፌት መኪናቸው ነው። ከገባሁ ጀምሮ የሚጠሩኝ ልጄ ብለው ነው። ሱሪዬ ከተተረተረ ሳልነግራቸው ሰፍተው በሬ ላይ ይሰቅሉልኛል። ለካ የዚያን መምህር ኮት የሚያስተካክሉት እሳቸው ኖረዋል፤ ቤቱንም ያውቁታል። ይህን ስሰማ ዓይኔ በራ። ሄደው ያናግሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ ብቻዬንማ አያምርም ብለው ጎረቤታችንን፣ ጡረታ የወጡትን ነርስ፣ ጨመሩ። ሰፈሩ እማማ መርፌ ነው የሚላቸው። ምላሳቸው ይወጋል፣ ግን የተወጋው ሰው ይሻለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊው ለልጃቸው ሠርግ የሰፉትን ኮት ለበሱ፣ እማማ መርፌም አዲስ ሻሽ አሰሩ። መምህሩ ቤት ስንደርስ እኔ መንገዱን ተሻግሬ አውቶቡስ መጠበቂያው ሥር ቆምኩ። ቤት ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ በኋላ አውቶቡሱን ስንጠብቅ እማማ መርፌ ናቸው። ቁጭ በሉ ቢባሉ እንቢ አሉ። መምህሩ ግራ ገባው። ልብስ ሰፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ ልብሱን ራሱ ያጥባል፣ ውጭ አያመሽም እያሉ ሲያወርዱት ሰውየው ድንግጥ ብሎ አብራው የምትኖር ታናሽ እህቱን ተጣራ። እሷም ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ብቅ አለች። እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ ወይ ቢላት ኧረ በጭራሽ አለች። ለካስ እሷን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡ መስሎታል። እማማ መርፌ ነገሩ ሲገባቸው፣ "እሷን ማን ጠየቀ? እኛ የፈለግነው አንተን ነው" አሉት። ልጁን አስተምርልን አሉት፤ ምን ሊያጠና ነው የሚፈልገው ሲላቸው ተያዩ፤ ውሃ ነው አሉ። የውሃ ምኑን ሲላቸው እሱን እሱ ያውቃል አሉ። አባባ፣ ይህን ሲነግሩኝ በሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

መምህሩ እስከ በሩ ሸኛቸው። ልብስ ሰፊው ደስ ብሏቸው ያውና ልጁ ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ መጣ፣ እነሱም ከኋላው ተከተሉ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ፤ የምን ፈገግታ እንደሆነ ግን አልለየሁትም። "አንተ ነህ የላክሃቸው?" አለኝ።

እዚህ ላይ ብዕሩ አልሄድ ብሎኛል። ያቺን ሰዓት የልብስ ሰፊው ኮት ያረጀ፣ የእማማ መርፌ ሻሽ ከልክ በላይ የደመቀ ሆኖ ታየኝ። የተማረ ሰው ፊት አፈርኩባቸው። "ኧረ እኔ አልላክኋቸውም፤ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ በራሳቸው ነው የመጡት" አልኩ። ልብስ ሰፊው አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩኝ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው፣ "እውነቱን ነው፤ እኛው ነን የመጣነው፣ ልጁ አያውቅም" አሉ። መምህሩም እንግዲያው ራሱ ይጻፍልኝ ብሎ ተመለሰ።

አውቶቡስ ውስጥ ስለ አየሩ ስናወራ መጣን። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ምንኛ በቀለለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ልጄ ማለት ቀረ። ጠዋት ደረጃውን ስወርድ፣ "እንዴት አደሩ፣ ተከራያችን?" ይሉኛል፣ በትሕትና። እማማ መርፌማ ቤት ከደረስን ወዲህ ጭራሽ አፋቸውን ዘጉ። እሳቸው ዝም ሲሉ እኮ ሰፈሩ ራሱ የታመመ ይመስላል።

የሚገርመው፣ ኢሜይሉ ከዚያ ወዲያ ሳይቸግረኝ ተጻፈ። እኔ ማለት ይከብደኝ የነበረው ሰው እኔ፣ እኔ፣ እኔ እያልኩ ሞላሁት። መምህሩም ቶሎ መለሰልኝ። ለሚመጣው ዓመት የሚቀበለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ስለ ቧንቧ መጋጠሚያዎች ያነሳሁት ጥያቄ ወዶታል፤ ሐሙስ መጥቼ እንድንነጋገር ጠራኝ። ከታች ግን አንዲት መስመር ጨምሮ ነበር። ማንም ሳይልካቸው እንደዚያ የሚቆሙልህ ጎረቤቶች ስላሉህ ዕድለኛ ነህ ይላል። ያቺን መስመር ካነበብኩ በኋላ ሌላው ደስታ ሁሉ ጠፋብኝ።

ዛሬ ጠዋት እውነቱን ጻፍኩለት። የላክኋቸው እኔ ነኝ፣ ለምኜ ነው የላክኋቸው፣ የካድኳቸው ስላፈርኩ ነው፤ ሽማግሌውም የዋሹት የእኔን ፊት ለማዳን ነው አልኩት። እንዲህ ያለ ተማሪ አልፈልግም ካሉ ቅር አይለኝም ብዬ ጨረስኩ። ቅር አይለኝም ያልኩት እንኳ ውሸት ነው፣ ክፉኛ ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ስትሰማ፣ አብደሃል እንዴ፣ በእጅህ የገባውን አለችኝ። እስካሁን መልስ የለም። እርስዎ ልጄ ሊማር ነው ብለው ለጎረቤት እንደነገሩ እህቴ ጽፋልኛለች። ቦታውን ካጣሁት ያጣሁት በራሴ እንደሆነ ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው።

የቀሩኝ ልብስ ሰፊው ናቸው። ቅርብ ቢሆኑ እርስዎን ነበር የምልክባቸው። ደግሞ ሳስበው፣ እርስዎን መላክም ያው ተመልሶ አውቶቡስ መጠበቂያው ሥር መቆም ነው። እዚህ ድረስ ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩና ወረድኩ።

ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። እማማ መርፌ ጥግ ላይ ቁልፍ ይለቅማሉ። "ቁጭ ይበሉ፣ ተከራያችን" አሉኝ። "ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም" አልኳቸው። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ለመምህሩ የጻፍኩትንም ጭምር። ልብስ ሰፊው ቀና ሳይሉ መኪናቸውን ማሽከርከር ቀጠሉ። አንደኛውን እግር ጨርሰው ሁለተኛውን ጀመሩ። እኔ እንደቆምኩ ነኝ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ዕድሜዎን ሙሉ ለሰው ብለው ምን ያህል እንደቆሙ ያኔ ገባኝ። በመጨረሻ እማማ መርፌ፣ ይህን ልጅ እስኪወድቅ ሊያቆሙት ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

"ቁጭ በል፣ ልጄ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ሱሪውንም አንስተው እጥፋቱ ቀጥ ማለቱን እንድመለከትላቸው ሰጡኝ።

እንግዲህ አባባ፣ የመምህሩ መልስ እስኪመጣ ለጎረቤት ምንም አይበሉ። እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስለዚህ ነገር ካነበቡላት በኋላ ታልቅስ እንጂ አትቆጣ። ታናሽ እህቴ ወሬውን ቶሎ እንዳትበትን አደራ ይበሏት። አያቴን እጅ ነስቻለሁ፤ ያቺን ዓይኗን ብታሳርፍብኝ ይገባኛል ብሏል ይበሏት። እማማ መርፌ ጉልበትዎን በሞቀ ጨው ይታሹ ብለዋል። ልብስ ሰፊውም ሰላምታ ልከውልዎታል። ምን ልጻፍላቸው ብላቸው፣ ልጅዎ መቆም ተምሯል በላቸው አሉኝ።

ልጅዎ
ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍል
ኅዳር ፲፪ ቀን