ከእንጦጦ የመጣው ሃይላንድ

ኢዩ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ቁልፉን ጎረቤታችን ልዩ ጋ ትቼዋለሁ።

ከምግቡ በፊት ግን እናትህ ጋ ደውል።

ዛሬ አንተ ሥራ እንደሄድክ መጥተው ነበር። ራሴን አሞኛል ብለው፣ ከእንጦጦ ማርያም ካመጡልኝ ጸበል ሊቀምሱ አልጋዬ ሥር ያለውን ሃይላንድ አነሱ። ጸበሉን ከደፋሁት ቆይቷል፤ የሞላሁበት አረቄ ነው። «እማማ፣ ይተዉት» ማለት አቅቶኝ ቆሜ አየኋቸው። በስመ አብ ብለው በባዶ ሆዳቸው ተጎነጩ።

አልተፉትም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዋጡትና፣ «ጨርሶ ይማርህ፣ ልጄ» ብለውኝ ወጡ።

ምነው በሰደቡኝ።

አቁሜያለሁ ብዬህ ነበር። ግን ከግንባር በተመለስኩ ሰሞን ስትቀሰቅሰኝ አንቄህ አልነበር? ከዚያ ወዲህ ሳልጠጣ መተኛት ፈራሁ። አንተም ነገሩን አንድ ቀን አንስተኸው አታውቅም።

ሃይላንዱን አጥቤ፣ ጸበል ላመጣላቸው በእግሬ ወጥቻለሁ። እስኪመሽ ካልተመለስኩ እንጦጦ ድረስ አትልፋ። መታጠፊያው ላይ ያለችው አረቄ ቤት ገብተህ ፈልገኝ።

ስብሐት