በፊልሜ ላይ ስብሰባቸውን ለቀረጹት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለከተማችን የትርኢት ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ስማቸው
ደሴ፣ ኅዳር 1995 ዓ.ም.

ፊልሜን ደምስሰው በላዩ ላይ ስብሰባዎን ቀርጸውበታል። ይህን ያስቀደምኩት ከሰላምታው በኋላ እንዳይረሳ ሰግቼ ነው። አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ፤ ክቡርነትዎ ከነማኅተምዎና ከነወንበርዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጦሳ ተራራ ብርድ ቢሮዎ ድረስ እንዳይዘልቅ፣ ጤናዎም እንደ ሥልጣንዎ እንዲጸና እመኛለሁ።

እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ካሜራ የያዝኩ፣ በሰርግ ቀረጻ የምተዳደር፣ ስለ ፊልምና ስለ ዘፈን የምጽፈውን ጋዜጣ እንቢ ሲለኝ ፒያሳ በሚገኘው ቪዲዮ ቤት በር ላይ የምለጥፍ ሽማግሌ ነኝ። አምና ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ ወደ ቤቷ ስለምትመለስ እናት ፊልም ሠራሁ። እናቲቱን ሆና የሠራችው የገራዶዋ ሐዋ ዱዓ ሳታደርግ ካሜራ ፊት የማትቆም፣ አንዴ ከቆመች ግን እየቀረጽኩ መሆኔን የምታስረሳኝ ሴት ነበረች። በሕይወቷ ፎቶ እንኳ ተነሥታ አታውቅም። ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ ሞተች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ፈቃድ ስጠይቅ ቅጂ ላስቀዳና ላምጣ ብል፣ ሠራተኛዎ ፊልሙን እንደ ትምህርት ማስረጃ ቆጥረው ኮፒ እንደማይቀበሉ፣ ኦሪጅናሉን እንዳቀርብ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ጥሬ ቀረጻዎቹ የነበሩባቸውን ካሴቶች ለሰርግ መልሼ ስለቀረጽኩባቸው ከዚያች ካሴት ሌላ የለኝም ብዬ ተናግሬ ነበር። ሕግ ነው ሲሉኝ ሰጠሁ።

2. ሌላ ነገር እንዳይቀረጽባት የካሴቷን የጠርዝ ፕላስቲክ ሰብሬ ነበር። የእርስዎ ሰዎች ግን ባዶ ካሴት ባጡ ጊዜ ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍነው፣ እርስዎ ስለ ቅርስ ጥበቃ የመሩትን ስብሰባ ቀረጹባት። ለሥራ እንዲህ ሲተጉ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው።

3. አቤት ለማለት ስመጣ እርስዎ ራስዎ ካሴቷን አገላብጠው አይተው፣ «አባባ፣ ይኸው አልተሰበረ፣ አልተጫጫረ፤ ምን ጎደለብዎት?» ብለው በደህና መረከቤን አስፈርመው ስለሸኙኝ እጅ እነሣለሁ። ሌላ ፊልም እንድሠራም መክረውኛል። እሠራለሁ፤ እጄ ገና አልዛለም። ሐዋን ከየት እንደማመጣት ግን አልነገሩኝም።

ለቅርስ ያለዎት ጥበቃ በሌሎች ቅርሶቻችን ላይ እንዳይደርስ ፈጣሪን እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ የምልልዎ፣

ማንም ያላየው ፊልም ባለቤት
አግማስ ወልደ ሚካኤል

የተረፈ ቃል፦ ከስብሰባው ጭብጨባ በኋላ ካሴቷ መጨረሻ ላይ ከፊልሜ ትንሽ ተርፏል። ሐዋ ዱዓዋን ጨርሳ ሁለት እጇን በፊቷ ላይ አሳልፋ «አሚን» ትላለች፤ ከዚያ ያልቃል። ንግግርዎ አጠር ቢል ኖሮ ይበልጥ ትተርፍልን ነበር። ማጫወቻዬ ወደፊት ማሳለፉን ስለተወ፣ ልጇ ጦይባ እናቷ በናፈቀቻት ቁጥር ቤቴ መጥታ እርስዎን ከመጀመሪያው ጀምሮ ታዳምጣለች። በአገሩ ሁሉ ንግግርዎን እስከ መጨረሻው የምትሰማ ሰው እርሷ ብቻ ናትና ያመስግኗት። እኔን ግን ስለዚህ ነገር ቢጠሩኝ አልመጣም፣ ቢጠይቁኝ አልመልስም፤ ዛሬ የጻፍኩትንም ዳግመኛ አላነሣውም።