ያገድኩት ሰው

አሽዶድ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬ ከምሠራበት ወደብ ላይ በሃፍሳቃ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሻይ ይዤ ስልኬን ስከፍት ስድብ ጠበቀኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሠርተን፣ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርገን፣ በነፃ የምንሰጠው የአማርኛ መጻፊያ አፕ አለ። አዲሱን እትም ያወረደ አንድ ተጠቃሚ «ይህን የሠራው ደደብ እናት የለውም? እነዚህን ጥቃቅን ፊደሎች የትኛው ሽማግሌ ነው የሚነካቸው?» ብሎ ጽፏል።

ደሜ ፈላ። ደንባችን ስድብ ይከለክላል፤ ደንቡን ያረቀቅኩትም እኔው ነኝ። አስተያየቱን አጥፍቼ ሰውየውን አገድኩት። ልክ ነበርኩ። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን እረፍት ነሳኝ?

ከሥራ ስወጣ ሮቫ ዩድ ዛይን ሰፈር እማየ ቤት ገባሁ። ጎንደር ላለችው እህቷ መልእክት በድምፅ ስትቀዳ አገኘኋት። በእኛው አፕ መጻፍ ነበር የምትወደው።

«ምነው መጻፉን ተውሽ?»

ስነዘንዛት ጊዜ፣ «ፊደሉ አነሰብኝ። አንዱን ስነካ ሌላው ይመጣል» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይህን ያህል ደክመህበት፣ በምን አፌ ልጄ? ጎረቤቶቼም ተቸግረዋል። ቅር እንዳይለው ብለን ዝም አልን።»

የድሮውን እትም መለስኩላት። ሰውየውንስ? እገዳውን ላንሳለት? ስድቡን ምን ላድርገው? ይኸው እስካሁን ቁጭ ብድግ እላለሁ።

ያኔ ከቤቷ ልወጣ ስል እማየ በር ላይ አስቆመችኝ። «ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ፤ ማን ነግሮህ ነው?»

«አንድ ባለጌ» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጠው» አለች።